ስለት ከምርጫ ይጀምራል፦ የባልጩት ታሪክ ከላይኛው አዋሽ እስከ ዱከም

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በየረርና በዝቋላ ተራሮች መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መንገደኛ የሚያውቃት በቁርጥ ቤቶቿና በፋብሪካዎቿ ነው። የቆመችበት ምድር ግን ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው፤ ከእግሯ በታች ጥቁር ድንጋይ፣ ከፊቷ የቢሾፍቱ ሐይቆች የሞሏቸው ጉድጓዶች፣ በግራና በቀኟ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች አሉ። ከዱከም በስተምዕራብ፣ በቀጥታ ቢለካ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ ከሰበታ ወደ ደቡብ ሲወረድ ባልጩት የሚባል ቦታ ይገኛል። በዚያ መሬቱ ጥቁር መስታወት በሚመስል፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ በሚቆርጥ፣ እሱም ባልጩት በሚባል ድንጋይ ተሸፍኗል። የስለት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው መሣሪያው ነው፦ መጥረቢያው፣ ጦሩ፣ ቢላዋው፣ ምላጩ። ከመሣሪያው በፊት ግን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከብዙ ድንጋይ መካከል አንዱን አንሥቷል፤ ሌላውን ትቷል። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፦ የስለት ዕውቀት ሥሩ ድንጋይ መምረጥ ነው፤ ይህ ዕውቀት በአገራችን እጅግ ቀድሞ ታይቶ፣ በየዘመኑ እየታደሰ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል፤ እኛ ግን ድንጋዩን በሙዚየም ስናከብር መራጩን በሠፈር ስንንቅ ኖረናል።

ትረካው ከአዋሽ ታችኛው ተፋሰስ ይጀምራል። በአፋር ምድር፣ ጎና በተባለው ስፍራ፣ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ባካሄዱት ምርምር ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኙ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲታተም የዓለምን ትኩረት የሳበው በዕድሜው ነበር። ለእኛ ክርክር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሌላ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በዚያ ዘመን ወንዝ ያመጣውን የጠጠር ክምር አንድ በአንድ መረመሩና የመሣሪያ ሠሪዎቹ ካነሷቸው ድንጋዮች ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱ አልተመሳሰሉም። ሠሪዎቹ በክምሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳገኙት አልወሰዱም፤ ቅንጣቱ የደቀቀውን፣ ውስጡ በትላልቅ ክሪስታሎች ያልተዝረከረከውን፣ ሲመታ ቀጥ ብሎ የሚሰነጠቀውን ለይተው አንሥተዋል። ገና ቅርጽ ያለው መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን፣ ሠሪዎቹ የሚፈልጉት ስል ጠርዝ ያለው ፍንጣሪ ብቻ በሆነበት ጊዜ፣ ምርጫ ግን ነበረ። የመሣሪያ ቅርጽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀደምት የእጅ መጥረቢያ ከሚገኝባቸው የዓለም ስፍራዎች አንዱ በሆነው በኮንሶ የዚህ መሣሪያ ዕድሜ ወደ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ነው። በጎናው ምርጫና በኮንሶው ቅርጽ መካከል ያለው ዘመን ከ800,000 ዓመት ይበልጣል። ማለትም ድንጋይን መለየት ቅርጽ ከማውጣት ብዙ ዘመን ይቀድማል።

ወደ ላይኛው አዋሽ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጌራርድ ዴከር የተባለ የኔዘርላንድስ የውሃ ባለሙያ በአዋሽ ዳር በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት የዘለቀውን ቁፋሮ መራ፤ በኋላም ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ሥራውን ቀጠሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚህ የወንዝ ዳር፣ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የኖሩ ሠሪዎች ከጥቁር ድንጋይ ጋር ባልጩትንም መጠቀም ጀምረው ነበር። ባልጩት ተራ ድንጋይ አይደለም። ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ቅላጭ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያጣል፤ ስለዚህ ውስጡ ቅንጣት የሌለው መስታወት ይሆናል። ቅንጣት ስለሌለው ስንጥቁ የሚያደናቅፈው አያገኝም፤ ጠርዙም እጅግ ከመሳሳቱ የተነሣ በናኖ ሜትር የሚለካ ይሆናል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የፋብሪካ ምላጭ ጠርዝ የተቦጫጨቀ ሲመስል የባልጩቱ ጠርዝ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሐኪሞች በባልጩት ምላጭ ቀዶ ሕክምና ሞክረው ነበር። ይኸው ባሕርይ ግን ዋጋ አለው፤ ባልጩት በቀላሉ ይሰበራል፣ ሲሠሩትም እጅን ይቆርጣል። የሚመርጠው ሰው ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝኖ ነው የሚመርጠው።

የዚህ ማመዛዘን ታላቁ ማስረጃ የተገኘው በዚያው በመልካ ቁንጡሬ፣ ስምቢሮ በተባለው ገደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ጥናት መሠረት ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው የአፈር ንብርብር ውስጥ 578 መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ከሦስቱ በስተቀር ሁሉም ከባልጩት የተሠሩ ናቸው። የእጅ መጥረቢያዎቹ መጠንና ቅርጽ እርስ በርስ ይቀራረባል። ስፍራው በዋናነት መሥሪያ ቦታ፣ በዛሬው አነጋገር አውደ ጥናት ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ አንባቢ በትክክል ሊጠይቅ ይችላል፦ ባልጩቱን ወንዙ አምጥቶ እደጃፋቸው ከከመረላቸው፣ ይህ ምርጫ ነው ወይስ ዕድል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወንዙ የባልጩት አለሎዎችን በዚያ አከማችቶ እንደነበር አጥኚዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ነገር ግን ዕድል ድንጋዩን ያቀርባል፣ አያነሣውም። በመልካ ቁንጡሬ ጥቁር ድንጋይ በየትኛውም ዘመን ሞልቶ ነበር፤ በሌሎች ብዙ ቀደምት ንብርብሮች ውስጥ የሚበዛውም እሱ ነው። በስምቢሮ የነበሩት ሠሪዎች ባልጩቱ ሲቀርብላቸው ከሞላ ጎደል ፊታቸውን ሁሉ ወደ እሱ አዞሩ፣ ለሚሰባበረው ድንጋይ የሚስማማ የአመታት ልክ አበጁ፣ አንድ ዓይነት ቅርጽም ደጋግመው አወጡ። በዘፈቀደ የሚለቃቅም ሰው 578 መሣሪያ ሠርቶ ሦስቱን ብቻ ከሌላ ድንጋይ አያደርግም።

ከዚያ በኋላ ባሉት በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ምርጫው ከወንዝ ዳር ለቀማ ወደ ጉዞ አደገ። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ገደሞታ በተባለው ከፍታ፣ ሰዎች ከባልጩት ምንጭ አጠገብ ሠፍረው ሹል የጦር ጫፎች ይሠሩ ነበር። ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በእነዚህ ጫፎች ላይ ያለውን የስብራት ምልክት መርምረው፣ ከ279,000 ዓመት በፊት የሚወረወር ጦር ራስ ሆነው እንደሠሩ ተከራክረዋል። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የተገኙ የባልጩት መሣሪያዎች ደግሞ በአጋዚ ነጋሽና በባልደረባው በኬሚካዊ ይዘታቸው ሲመረመሩ፣ ድንጋዩ የመጣው ከአሰቦት፣ ከአያሉና ከቆኔ መሆኑ ታወቀ፤ ርቀቱ ከ130 እስከ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዱ የባልጩት ምንጭ የራሱ የኬሚካል መለያ ስላለው፣ ድንጋዩ ራሱ ከየት እንደመጣ ይመሰክራል። በባሌ ተራሮች ደግሞ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በፍንጫ ሀበራ የድንጋይ መጠለያ ያደሩ ሰዎች፣ ፍልፈል እያደኑ ሲበሉ፣ መሣሪያቸውን የሠሩት ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚገኝ ጉብታ ባመጡት ባልጩት ነበር። ያ ከፍታ የበረዶ ግግር አጠገብ ነበር። ለስለት ሲባል ብርድና ዳገት የተቻለው፣ በቅርብ ያለው ድንጋይ ሁሉ አንድ ዓይነት ዋጋ እንደሌለው ስለሚታወቅ ነው። ባልጩትን ባሕር ተሻግሮ የሚፈልገውም ሰው ነበረ። ከፈርዖኖች ዘመን በፊት በግብፅ መቃብሮች የተገኘው ባልጩት በኬሚካዊ ምርመራ ከደቡባዊ ቀይ ባሕር አካባቢ መምጣቱ ታውቋል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መንገድ መምሪያ ከአዱሊስ በስተደቡብ ባለ የባሕር ሰርጥ ባልጩት እንደሚገኝ ይናገራል፤ ሮማዊው ፕሊኒም ድንጋዩን ያገኘው ሰው በኢትዮጵያ እንዳገኘው ጽፏል፣ ምንም እንኳ በእሱ ዘመን ኢትዮጵያ የሚባለው ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ቢሆንም።

በዚያን ጊዜ በሰሜኑ ብረት ገብቷል። የሥልጣኔ ታሪክ ሲነገር የድንጋይ ዘመን በብረት ዘመን ተተክቶ ያለቀ፣ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ የያዘ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረ ተደርጎ ይቆጠራል። ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ተቃውሞም ይህ ነው፦ የተሻለ ነገር ከመጣ የድንጋይ ምርጫ ዕውቀት ምን ፋይዳ አለው? መልሱን አክሱም ራሷ ትሰጣለች። የወርቅ ገንዘብ ያስቀረጸች፣ ሐውልት ያቆመች፣ ብረት የምትሠራና የምታስመጣ ከተማ ነበረች፤ ሆኖም በዚያው በአክሱም ባለው የጉዲት ሐውልቶች መስክ ትንንሽ የድንጋይ መፋቂያዎች በብዛት ተገኝተዋል። ሎሬል ፊሊፕሰን የአክሱምን የድንጋይ ሥራ ስታጠና፣ እነዚህ ከጥንት የቀሩ ትርፍራፊዎች ሳይሆኑ በመንግሥቱ ዘመን በራሱ፣ የተወሰነ ሙያ ባላቸው ሰዎች የተሠሩና ሥራ ላይ የዋሉ መሆናቸውን አሳይታለች። ብረት ውድ ነበር፤ ማዕድኑን ማቅለጥ ከሰል ይበላል፣ ሥራው የቀጥቃጭን እጅ ይጠይቃል። ድንጋይ ግን ለሚያውቀው ቅርብ ነው። ሲዶለዱም ከጠርዙ ትንሽ ፈነጠቅ አድርጎ መልሶ ማሳል ይቻላል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አላባረረም፤ ሥራ ተካፈሉ። መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ የሚያነብ ሰውም ሲፓራ ልጇን የገረዘችው፣ ኢያሱም በጌልገላ የእስራኤልን ልጆች የገረዘው በባልጩት መሆኑን ያውቃል። ሰይፍ የያዘ ሕዝብ ለዚህ ሥራ ድንጋይ መምረጡ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየም።

ብረት በገባ ጊዜ ድንጋይ ሁለተኛ ሥራም አገኘ፦ መቁረጡን ትቶ ቆራጩን መሳል። ይህ ከመጀመሪያው የተለየ ምርጫ ይጠይቃል፣ ምናልባትም የበለጠ ጥንቃቄ። መሳያ ድንጋይ ሊቆርጥ የሚችለው በውስጡ ከብረቱ የጠነከረ ቅንጣት ሲኖረው ነው፤ ቅንጣቱ ትልቅና ወጥነት የሌለው ከሆነ ግን ስለቱን ይቦጫጭቀዋል። ለማጭድና ለመጥረቢያ ሻካራው ይበቃል። ፊት ለሚላጭ ምላጭ ግን ቅንጣቱ ከሺህኛ ሚሊ ሜትር ጥቂት እጥፍ የማይበልጥ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ድንጋይ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ድንጋይ በዓለም ላይ በጥቂት ቦታ ብቻ ይገኛል። በቤልጂየም ቪየልሳልም አካባቢ የሚቆፈረው ቢጫ ድንጋይ ጥቃቅን የጋርኔት ቅንጣቶች የታጨቁበት ነው፤ በአሜሪካ የአርካንሳስ ድንጋይ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ደቃቅ ኳርትዝ ነው፤ በጃፓን በኪዮቶ ዙሪያ ያሉ ኮረብታዎች በባሕር ወለል ከተዘቀጠ ደቃቅ ደለል የተገኘ ድንጋይ ሰጥተዋል። ዛሬ ምላጭ ወዳዶች እነዚህን ድንጋዮች ልክ እንደ ከበረ ማዕድን ይሰበስባሉ። ልማዱም አዲስ አይደለም፤ ፕሊኒ በዘመኑ የቀርጤስ መሳያ በዘይት፣ የናክሶስ ደግሞ በውሃ እንደሚሠራ ለይቶ ጽፏል። ባልጩትን የመሰለ ድንጋይ ግን ለመሳያነት አይሆንም፤ ቅንጣት የለውም፣ ከጥሩ አረብ ብረትም ይለሰልሳል። ከሁሉ በላይ ቆራጭ የሚያደርገው ባሕርይ ደካማ መሳያ ያደርገዋል። ሸዋ በአብዛኛው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ አሸዋማው ድንጋይ ከላይ ወጥቶ የሚታየው እንደ አባይና ጀማ ያሉ ወንዞች ምድሩን ጠልቀው በቆረጡባቸው ሸለቆዎች ነው። ስለዚህ በዱከምና በአካባቢዋ ቢላዋውን የሚስል ሰው ዘወትር የሚያገኘው ውሃ ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ለለስላሳው የቀጥቃጭ ብረት ይበቃሉ፣ ለጥሩ ምላጭ ግን ሻካራ ናቸው። እዚህም ቢሆን መራጭ ያስፈልግ ነበር፤ ከወንዙ ጠጠር መካከል እኩል የሆነውን የሚለይ ዓይንና ጣት።

ይህን ሁሉ ዕውቀት በእጃቸው ይዘው የኖሩት ሁለት ወገኖች ናቸው፦ ብረቱን የሚሠራው ቀጥቃጭና ቆዳውን የሚፍቀው ፋቂ። ታሪካችን በዚህ ላይ ያሳዝናል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሰጠን ቀጥቃጭ ቡዳ ተባለ፤ አጎዛውን፣ ጠፍሩን ያዘጋጀ እጅ በማዕድ አብሮ እንዳይቀርብ ተከለከለ። ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ ርስት እንዳይዙ የተደረገበት ስፍራም ብዙ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ በእጁ የሚሠራን ሰው በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ አዋጁ ከአስተዳደር ትእዛዝ በላይ የሥራ ክብርን የተናገረ ነበር። ልማድን ግን አዋጅ ብቻውን አያሸንፍም። ስድቡ ቀጠለ፤ ልጆቹም ከአባቶቻቸው ሙያ ሸሹ። እዚህ ላይ ፍትሕ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ተጎድቷል፤ ምክንያቱም የድንጋይ ምርጫ ከእጅ ወደ እጅ እንጂ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚተላለፍ ዕውቀት አልነበረም። የሚያስተምረው ሲያፍር፣ የሚማረው ሲሸሽ፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ይጠፋል።

ሁለተኛው ምት የመጣው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና ዱከምን አቋርጦ። ሐዲዱ የፋብሪካ ዕቃ ወደ መሃል አገር የሚፈስበት ዋናው በር ሆነ። በዚያው ዘመን የዓለም ምላጭ ራሱ ተለወጠ። ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1903 ስሱን የሚጣል ምላጭ ገበያ ላይ ሲያወጣ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚሊዮን ይሸጥ ጀመር። ይህ ምላጭ ሲዶለዱም አይሳልም፣ ይጣላል። መሳያ ድንጋይ ከጸጉር ቤት የወጣው በዚህ መንገድ ነው፦ የተሻለ ድንጋይ ተገኝቶ ሳይሆን፣ ድንጋይ የማይፈልግ ስለት መጥቶ። በአገራችን ደግሞ የኤች አይ ቪ መኖር እ.ኤ.አ. በ1984 ከታወቀ፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማንም በ1986 ከተመዘገቡ በኋላ፣ ምላጭን በጋራ አለመጠቀም የሕይወት ጉዳይ ሆነ። እየሳሉ ለብዙ ሰው የሚጠቀሙበት ምላጭ አደገኛ መሆኑ ትክክለኛ ትምህርት ነበር፤ ብዙ ሰውም አትርፏል። ይህ ጽሑፍ ጸጉር ቤቶች ወደ ድንጋይ ይመለሱ የሚል ጥያቄ የለውም። የሚለው ሌላ ነው፦ አንድ ዕውቀት ለዕለት ሥራ ሳያስፈልግ ሲቀር፣ የሚጠፋበትን መንገድ እኛ እንመርጣለን፤ ተመዝግቦ ሊያልፍ ወይም ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችላል።

ሊጠፋ ሲል ያዩት ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጄምስ ጋላገር በደቡብ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች ያን ጊዜም በባልጩት ይፍቁ እንደነበር ጽፎ አሳተመ፤ ለአርኪዮሎጂስቶች ከመሬት የሚቆፍሩትን ነገር በሕያው እጅ ማየት ትልቅ ዕድል ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስቲቨን ብራንትና ካትሪን ዊድማን አርተር ከኢትዮጵያውያን ጋር በኮንሶ፣ በጋሞና በሌሎችም አካባቢዎች ፋቂዎቹን አጠኑ። በኮንሶ ድንጋዩን የሚመርጡት፣ የሚፈልጡትና የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ኳርትዝንና ቼርትን ይለያሉ፣ ረጅም ዓመታትም ይማራሉ። በዓለም የትምህርት መጻሕፍት የድንጋይ መሣሪያ ሠሪ ዘወትር ወንድ ተደርጎ ይሣል ነበር፤ ይህን ሥዕል ካናወጡት ማስረጃዎች አንዱ ከኮንሶ የመጣው ነው። በሐዲያ ደግሞ ዮናታን ሳህሌና አጋዚ ነጋሽ የባልጩት መፋቂያ ሲሳል እንዴት እየተመነመነ እንደሚሄድ ለኩ፤ ውጤታቸው በቁፋሮ የሚገኙ መፋቂያዎች ምን ያህል እንደተሠራባቸው ለመገመት ይረዳል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመቶ ሺህ ዓመታትን መሣሪያ እንዲተረጉሙ ለሳይንስ ቁልፉን የሰጡት እነዚያው በሠፈራቸው የተናቁት ፋቂዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የስምቢሮ ሠሪዎች ከእኛ የተለየ የሰው ዘር ነበሩ፤ በእነሱና በሐዲያ ፋቂ መካከል ከሚሊዮን ዓመት በላይ ያልታወቀ ጊዜ አለ፤ ሁለቱን በአንድ ክር ማሰር የታሪክ ማጋነን አይሆንም ወይ? ክሩ የደም ወይም ያልተቋረጠ ትምህርት ክር ነው ቢባል፣ አዎ፣ ማጋነን ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አባባል ግን ከዚያ ይጠባል። ባልጩት በ1.2 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ባሕርዩን አልለወጠም፤ ለሚመታው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል፣ የተሳሳተውንም በአንድ ዓይነት መንገድ ይቀጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትውልድ፣ ከማንም ይወለድ፣ ዕውቀቱን እንደገና ማግኘት ነበረበት። ይህ ደግሞ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያሳንሰውም። ዕውቀቱ አንዴ ተገኝቶ እንደ ርስት ዝም ብሎ የተወረሰ ቢሆን ኖሮ የአንድ ጥንታዊ ሰው ብልሃት ይሆን ነበር። ደጋግሞ የተገኘ ስለሆነ ግን በዚህ ምድር የኖረ ሰው ሁሉ የአእምሮ ሥራ ነው። ፋቂዋ የምታውቀውን የምታውቀው ከጥንት ስለቀረች አይደለም፤ ዛሬ፣ በገዛ እጇ፣ ከድንጋዩ ጋር ተከራክራ ስለደረሰችበት ነው። የጥንት ሰው ምስል አድርጎ ማየት ከመናቅ ብዙም አይርቅም።

ታሪኩ ወደ ዱከም የሚመለሰው በቆዳ በኩል ነው። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በዱከም ከተቋቋመ በኋላ፣ የቻይናው ሁዋጂያን የጫማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያ ሥራ ጀምሮ የቆዳ ጫማ ወደ ውጭ ላከ። በሞጆና በአካባቢው ያሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ደግሞ የፋቂውን ሥራ በማሽንና በኬሚካል ይሠራሉ። ቆዳ የአገር ኩራት፣ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ተብሎ ይነገርለታል። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ቆሟል፤ ለኢንዱስትሪው የሚሰጠው ክብርና ለቀደመው እጅ የተሰጠው ንቀት። የምርቱን ዋጋ ተቀብለን የሙያውን ባለቤት መካድ አንችልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጩትን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ለአርኪዮሎጂያችንና ለአካባቢው ሕዝብ ትልቅ ድል ነው፤ በተለይ ባልጩት በስሙ መጠራቱ፣ ዓለም ከመሣሪያው ጋር የድንጋዩን ምንጭም ቅርስ ነው ብሎ መቀበሉን ያሳያል። ኮንሶም በባህላዊ መልክዓ ምድሯ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመዝግባለች። ሁለቱም ምዝገባዎች ግን በዋናነት ስፍራን ይጠብቃሉ። ስፍራን የሚያነብ ሰው ከሌለ ስፍራው ዝም ይላል።

ስለዚህ የሚቀጥለው እርምጃ ግልጽ ነው፤ ከአቅማችን በላይም አይደለም። በመልካ ቁንጡሬ ያለው ሙዚየም ከባልጩት፣ ከቆኔ፣ ከገደሞታና ከሌሎቹ ምንጮች የተሰበሰበ የድንጋይ ናሙና ከመሣሪያዎቹ ጎን ሊያኖር ይችላል፤ ጎብኚው ጥሩውን ከመጥፎው እየዳሰሰ ይለያል። በሐዲያ፣ በኮንሶና በጋሞ ሙያውን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ አስተማሪ ተብለው፣ ክፍያ ተሰጥቷቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው የሚናገሩት ሊቀረጽ ይገባል። በሰበታና በዱከም ዙሪያ ከተሞች ሲሰፉ፣ ለግንባታ ድንጋይ ሲፈለጥ፣ የባልጩት ምንጮች በቅድሚያ በካርታ ሊለዩ ይገባል፤ የተፈለጠ ምንጭ አይተካምና። ይህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ አገርም ከዚህ የሚቀድም ችግር አላት የሚል አለ። ነገር ግን ናሙና መሰብሰብና ድምፅ መቅረጽ ከቁፋሮ እጅግ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፤ ቁፋሮው መቶ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፣ የአንዲት ባለሙያ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። በጎና ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተነሣውን ጠጠር የምናደንቀው በውስጡ ያለውን ዳኝነት ስላየን ነው። ያንኑ ዳኝነት በሕያው ሰው ላይ ስናየው ማክበር ካቃተን፣ ያደነቅነው ድንጋዩን ብቻ ነበር ማለት ነው። ቅርስን መጠበቅ ከሰው ቢጀምር ድንጋዩም ይጠበቃል፤ የባልጩት ሙሉ ትርጉም ያለው ድንጋዩን በሚመርጠው ሰው ዘንድ ነውና።